የመኪና ነጋዴን ግቢ ከቤት ሆኖ ማየት

በገበያ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የኖረ አንድ ጉድለት አለ፤ ይኸውም ሻጩ በጓዳው ያለውን ሁሉ ሲያውቅ ገዢው የሚያውቀው ያሳዩትን ብቻ መሆኑ ነው። እህል ገዢ የሚያየው በጆንያው አፍ ላይ ያለውን ነው፤ ከሥር ያለውን የሚያውቀው ቤቱ ወስዶ ሲገለብጠው ነው። በእኛ አገር ይህን ጉድለት እንዲሞላልን ደላላ እንይዛለን፤ ደላላውም እውቀቱን በኮሚሽን ይሸጥልናል። በአሜሪካ አገር ግን አዲስ አውቶሞቢል ለሚገዛ ሰው ይህ ጉድለት በብዙው የሚቃናበት መንገድ ተገኝቷል። መንገዱም የመኪና ነጋዴዎች በግቢያቸው ያለውን መኪና አንድ በአንድ እየቈጠሩ በኢንተርኔት ላይ የሚያወጡት ዝርዝር ነው።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ ዝርዝሩ አጠቃቀም ጥቂት ለመናገር የፈለግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዋሽንግተን፤ በዙሪያዋ ባሉት በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፤ እንዲሁም በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ለአብዛኞቹ መኪና ጌጥ ሳይሆን እግር ነው፤ ያለ እርሱ በሰዓቱ ሥራ መድረስ፤ ልጅን ከትምህርት ቤት ማምጣት፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ጭንቅ ነው። ከቤት ቀጥሎ በዕድሜያቸው የሚገዙት ትልቁ ዕቃም እርሱ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ በነጋዴ ጠረጴዛ ላይ ያለ አግባብ የሚከፈል ሁለት ወይም ሦስት ሺህ ዶላር የስንት ሌሊት ድካም ዋጋ እንደ ሆነ የሠራው ሰው ያውቀዋል። እዚህ አገር እጅ እጁን የሚያዩ እናትና አባትም ሳያውቁት ከድርሻቸው ይጐድልባቸዋል።

እንግዲህ በመጀመሪያ የንግዱን ሥርዓት ማወቅ ይገባል። በአሜሪካ አገር አዲስ መኪና የሚሠራው ፋብሪካ በአብዛኛው መኪናውን ለገዢው በቀጥታ አይሸጥም። የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ሽያጩ ዲለር በሚባሉት ባለ ፈቃድ ነጋዴዎች እጅ እንዲሆን አድርጓል። እንደ ቴስላ ያሉት በቀጥታ የሚሸጡ ኩባንያዎች ከዚህ ልማድ የወጡ ናቸው። ስለዚህ በሁለት ከተማ ሁለት የቶዮታ ምልክት የተሰቀለባቸው ግቢዎች ቢታዩ አንድ ቤት ናቸው ማለት አይደለም፤ የተለያዩ ባለቤቶች ናቸው። አንዱ ቸር፤ ሌላው ንፉግ ሊሆን ይችላል። ያው አንድ ዓይነት መኪና በአንደኛው ግቢ ፋብሪካው ካመለከተው ዋጋ በታች፤ በሁለተኛው ደግሞ ከዚያ በላይ ሲሸጥ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር የነጋዴው ሸክም ነው። ነጋዴው በግቢው የሚያቆመውን መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው በብድር ገንዘብ ነው። መኪናው ሳይሸጥ በቆመ ቁጥር የብድሩ ወለድ ይቈጥራል። ሦስት ወር የቆመ መኪና ለባለቤቱ እንደ ደለበ በሬ ነው፤ መብላቱን አያቆምም፤ ዋጋው ግን አይጨምርም። አንዳንዶቹ ድረ ገጾች መኪናው በግቢው ስንት ቀን እንደ ቆየ ጽፈው ያሳያሉ። ይህን ቁጥር ያየ ገዢ ከየትኛው ነጋዴ ጋር ዋጋ መነጋገር እንደሚያዋጣ ያውቃል።

ዝርዝሩ በሦስት ቦታ ይገኛል። አንደኛው የፋብሪካው የራሱ ድረ ገጽ ነው፤ ገዢው የሚኖርበትን አካባቢ ዚፕ ኮድ ሲያስገባ በዙሪያው ባሉ ነጋዴዎች እጅ ያለውን ያወጣለታል። ሁለተኛው የእያንዳንዱ ነጋዴ ድረ ገጽ ነው። ሦስተኛው የብዙ ነጋዴዎችን ዝርዝር በአንድ ላይ የሚሰበስቡት እንደ ካርስ ዶት ኮም፤ ኦቶትሬደር፤ ካርጉሩስና ኤድመንድስ ያሉት ናቸው። ኤድመንድስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ሲጀምር የመኪና ዋጋ የሚገልጽ የታተመ መጽሔት ነበረ፤ የዛሬው ሥራ ከያኔው የሚለየው በፍጥነቱና በስፋቱ ነው። ሰብሳቢዎቹ ሰፊውን አገር በአንድ ጊዜ ለማየት ይጠቅማሉ፤ የደረሰውን አዲስ ነገር ቶሎ ለማወቅ ግን የነጋዴው ገጽ ይሻላል። ስለዚህ በሰብሳቢው መፈለግና በነጋዴው ገጽ ማረጋገጥ መልካም ሥርዓት ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ እውነተኛ ምሳሌ ልውሰድ። ቶዮታ ሲየና የሚባለው የቤተሰብ መኪና በወገኖቻችን ዘንድ የተወደደ ነው። ከ2021 ሞዴል ጀምሮ በቤንዚንና በኤሌክትሪክ በጋራ የሚሠራ ሃይብሪድ ብቻ ሆኗል፤ የሚገጣጠመውም በኢንዲያና ክፍለ ግዛት በፕሪንስተን ከተማ ነው። ታዲያ «ሲየና እፈልጋለሁ» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ሰባት ሰው የሚይዝ አለ፤ ስምንት የሚይዝ አለ። የፊት ጎማው ብቻ የሚነዳው አለ፤ አራቱም ጎማ የሚሠራው አለ። ከኤል ኢ ጀምሮ እስከ ፕላቲነም የሚደርሱ ደረጃዎችም አሉት፤ በደረጃዎቹ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ስድስት ልጆች ያሉት አባት ሰባት መቀመጫ ያለውን የገዛ እንደ ሆነ አንድ ልጅ ቤት ሊቀር ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ገዢው ስክሪኑን ከመክፈቱ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይያዝ። ገጹን ለሁለት ይክፈለው። በአንዱ በኩል «የግድ የሚያስፈልገኝ» ብሎ ይጻፍ፤ በሌላው በኩል «ቢኖር ደስ የሚለኝ» ይበል። ስምንት መቀመጫ የግድ ሊሆን ይችላል፤ ነጭ ቀለም ግን ቢኖር ደስ ከሚለው ወገን ነው። የግድ የሆነው ሲበዛ መኪናው ይጠፋል፤ የግድ የሆነው ሲያንስ ደግሞ ሻጩ የፈለገውን ያስይዛል። ይህን ከጨረሰ በኋላ ፍለጋውን በመጀመሪያ በሃያ አምስት ማይል፤ ቀጥሎ በመቶ፤ ቀጥሎ በሁለት መቶ ማይል ዙሪያ ያስፋ። በአቅራቢያው ያለው ነጋዴ ብቻውን መስሎት የጠራው ዋጋ በሩቅ ካሉት ጋር ሲተያይ እውነተኛ መልኩ ይታወቃል።

በዝርዝሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይበልጥ የታመነው ምስክር በእኛ አገር የሻንሲ ቁጥር የምንለው ነው። ከ1981 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ መኪና ሁሉ አሥራ ሰባት ፊደላትና አኃዞች ያሉበት ቁጥር አለው፤ አይ፤ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት ከአኃዝ ጋር እንዳይምታቱ አይገቡበትም። የመጀመሪያው ምልክት የተሠራበትን አገር ይናገራል፤ 1፤ 4 ወይም 5 ከሆነ አሜሪካ፤ 2 ከሆነ ካናዳ፤ 3 ከሆነ ሜክሲኮ፤ ጄ ከሆነ ጃፓን ነው። አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ይነግራል፤ አር የ2024፤ ኤስ የ2025፤ ቲ የ2026 ነው። ካለፈው ዓመት የቀረውን «አዲስ» ተብሎ ከተጻፈው ከዘንድሮው ለመለየት ይህን አንድ ፊደል ማየት ይበቃል። ከዚህም በላይ አንድ ቁጥር የአንድ መኪና ብቻ ስለ ሆነ በሦስት ድረ ገጽ የታየው መኪና ሦስት ይሁን ወይም ያው አንዱ፤ ቁጥሩ ያስታውቃል።

አሁን ደግሞ ወደ ዝርዝሩ ድክመት እንምጣ። ዝርዝሩ የነጋዴው ማስታወቂያ እንጂ የመንግሥት መዝገብ አይደለም። «በመንገድ ላይ» ተብሎ የተጻፈው መኪና ገና በባቡር ወይም በጭነት መኪና እየመጣ ነው፤ ምናልባትም ሳይደርስ ሌላ ሰው ቀብድ ከፍሎበታል። በተለይ እንደ ሲየና ያሉት ተፈላጊዎች ብዙ ጊዜ ግቢ ሳይገቡ ባለቤት ያገኛሉ። ፎቶግራፉም ቢሆን ሁልጊዜ የዚያው መኪና አይደለም፤ ፋብሪካው ያዘጋጀው የሞዴሉ ሥዕል ሊሆን ይችላል። በሥዕሉ ላይ ቆዳ የለበሰ ወንበር አይቶ የሄደ ሰው በግቢው ጨርቅ የለበሰ ቢያገኝ ተሟጋች አያገኝም።

እዚህ ላይ በአንድ ዘመዴ የደረሰውን ልንገራችሁ። በሜሪላንድ የሚኖር የስድስት ልጆች አባት ነው። በዝርዝር ላይ የሚፈልገውን ስምንት መቀመጫ ያለውን መኪና በጥሩ ዋጋ አየና አንድ ቅዳሜ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሁለት ሰዓት ነድቶ ሄደ። ሲደርስ «እሱ እኮ ዛሬ ጧት ተሸጠ» አሉት፤ ወዲያውም ዋጋው ከፍ ያለ ሌላ አሳዩት። ልጆቹ ተራቡ፤ ታናሹ አለቀሰ፤ ሻጩ እየገባ እየወጣ «አለቃዬን ላነጋግርልህ» እያለ አራት ሰዓት አቆየው። በመጨረሻ ለመኪናው ሳይሆን ለመገላገሉ ፈረመ። በማግሥቱ ሊመልስ ስልክ ቢደውል አይሆንም ተባለ። በእርግጥም በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ ለአንዳንድ ግዢዎች የሚሰጠው የሦስት ቀን የመጸጸቻ ጊዜ በነጋዴው ግቢ ለተፈረመ የመኪና ግዢ አይሠራም። የፈረሙት ፈረሙ ነው።

የዚህ ሰው ታላቅ እኅት በሆስፒታል የሌሊት ሥራ የምትሠራ ናት፤ ከዓመት በኋላ ተራዋ ሲደርስ ሌላ መንገድ ያዘች። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምትማረውን ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ከዝርዝሩ ሰባት መኪናዎች መረጠችና ለሰባቱም ነጋዴዎች አንድ ዓይነት ደብዳቤ በኢሜል አስጻፈች። በደብዳቤው ላይ የሻንሲውን ቁጥር ጠቅሳ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀች። መኪናው አሁን በግቢያችሁ አለ ወይ፤ ሌላ ሰው ቀብድ ከፍሎበታል ወይ፤ ታክሱ፤ የታርጋው ክፍያ፤ የቢሮው ክፍያና የተጨመረው ዕቃ ሁሉ ገብቶ መኪናውን ይዤ ከበራችሁ እስክወጣ የምከፍለው ጠቅላላ ገንዘብ ስንት ነው። አራቱ ዋጋቸውን ለይተው ጻፉላት። ሁለቱ «ብቻ ይምጡ፤ እንነጋገራለን» አሉ። አንዱ ዝም አለ። «ይምጡ» ያሉትን ከነዝምተኛው ሰረዘቻቸው፤ ከአራቱም በጣም ርካሹን ወሰደች።

በእኔ አስተያየት የዝርዝሩ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ከአገሩ ርቆ በሰው ቋንቋ የሚገበያይ ሰው በጠረጴዛ ፊት ሲቀመጥ ቶሎ ይሸነፋል። ያልገባውን ቃል «ድገሙልኝ» ለማለት ያፍራል፤ ዝምታውም እንደ እሺታ ይቈጠርበታል። በጽሑፍ ሲሆን ግን ጊዜ አለው፤ መዝገበ ቃላት አለው፤ የሚጠይቀው ልጅ ወይም ጎረቤት አለው። የተጻፈ ዋጋ ደግሞ በማግሥቱ «እንዲህ አላልኩም» አያሰኝም። በአፍ የሚያሸንፍ ነጋዴ በወረቀት ላይ ከገዢው ጋር እኩል ይሆናል።

ጠቅላላውን ዋጋ መጠየቅ ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አይደለምና ነው። ከሥሩ በደቃቁ ፊደል የወታደር ቅናሽ፤ አዲስ ለተመረቁ ተማሪዎች የሚሰጥ ቅናሽ፤ በኩባንያው ብድር ለሚገዛ የሚሰጥ ቅናሽ ሁሉ ተቀንሶበት ሊሆን ይችላል፤ እነዚህን ሁሉ ደርቦ የሚያሟላ ሰው ግን ጥቂት ነው። የሰነድ ማዘጋጃ የሚባለውን ክፍያ አንዳንዱ ክፍለ ግዛት በሕግ ይወስነዋል፤ አንዳንዱ ለነጋዴው ይተወዋል። በጎማ ውስጥ የሚሞላ ናይትሮጅን፤ የቀለም መከላከያ፤ የመስኮት ጥቁረት እየተባለ የሚጨመርም አለ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ይህን የመሰለውን የዋጋ ማድበስበስ የሚከለክል ደንብ በ2023 መጨረሻ አውጥቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ነጋዴዎቹ ስለ ተቃወሙት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደንቡ የወጣበት ሥርዓት ተጓድሏል በማለት በጥር 2025 ሻረው። እንግዲህ ገዢው ራሱ ዓይኑን መክፈት አለበት።

ለዓይን መክፈቻ የሚሆን አንድ የቆየ ሕግ ግን አለ። በፈረንጆች 1958 ዓ.ም. ማይክ ሞንሮኒ የተባሉት የኦክላሆማ ሴናተር ባሳለፉት ሕግ መሠረት እያንዳንዱ አዲስ መኪና በመስኮቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት መቆም አለበት፤ ወረቀቱም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በላዩ የሻንሲው ቁጥር፤ የተገጣጠመበት ቦታ፤ መጀመሪያ የተላከለት ነጋዴ ስም፤ ፋብሪካው የሚያመለክተው ዋጋ፤ በፋብሪካ የተጨመሩት ዕቃዎች ከነዋጋቸውና የማጓጓዣው ክፍያ ይጻፋሉ። ገዢው ከመውሰዱ በፊት ወረቀቱን ማንሳት ወንጀል ነው። ከዚህ ወረቀት አጠገብ ሌላ ሁለተኛ ወረቀት ተለጥፎ ዋጋ ከጨመረ ያ የነጋዴው ነው፤ የፋብሪካው አይደለም። በ2021 እና በ2022 የኤሌክትሮኒክ ቺፕ እጥረት መኪና ባሳነሰበት ጊዜ በሁለተኛው ወረቀት ላይ ብዙ ሺህ ዶላር ይጻፍ ነበር። ብዙ ነጋዴዎች የመጀመሪያውን ወረቀት ግልባጭ በዝርዝሩ ላይ ያወጣሉ፤ ያላወጣውም ፎቶግራፍ አንሥቶ እንዲልክ ቢጠየቅ ነውር የለበትም።

ፍለጋውን ወደ ሩቅ ክፍለ ግዛት የሚያሰፋ ሰው ሌላም ነገር ልብ ይበል። የቶዮታ መኪና በፍሎሪዳ፤ በጆርጂያ፤ በአላባማና በሁለቱ ካሮላይናዎች ሳውዝኢስት ቶዮታ በተባለ፤ በቴክሳስና በአንዳንድ አዋሳኞቿ ደግሞ ገልፍ ስቴትስ ቶዮታ በተባለ የግል አከፋፋይ በኩል ያልፋል። እነዚህ አከፋፋዮች ለነጋዴው ከማድረሳቸው በፊት የየራሳቸውን ዕቃ ስለሚጨምሩበት በስም አንድ የሆነ መኪና በዋጋና በዕቃ ሊለያይ ይችላል። ታክሱን በሚመለከት በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የሚታሰበው መኪናው በሚመዘገብበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሩቅ ሄዶ መግዛት ዋጋውን እንጂ ታክሱን አያስቀርም፤ የጉዞው ወጪም መደመር አለበት። የፋብሪካው ዋስትና ግን በዚያው ስም በሚሠራ በማንኛውም ነጋዴ ዘንድ ይሠራል፤ ጥገናው የግድ የገዙበት ቦታ አይሆንም።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሻጩ የወር ክፍያውን ዝቅ አድርጎ ከሰጠኝ ይበቃኛል» ይላሉ። ይህ አሳብ የብዙ ሰው ወጥመድ ነው። የወር ክፍያ ዝቅ የሚለው ዋጋው ሲቀንስ ብቻ ሳይሆን ዕዳው ሲረዝምም ነው። በሌላ በኩል በወር ሃምሳ ዶላር ብቻ ጨመረ ተብሎ የታለፈ ነገር በሰባ ሁለት ወር ሲባዛ 3,600 ዶላር ይሆናል። ይህን ስሌት አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል፤ ነገር ግን በደከመ ጭንቅላት፤ በምሽት፤ ብዕር ተይዞ ሲሆን ትልቅ ሰውም ይሳሳተዋል። መድኃኒቱ ዋጋውንና ብድሩን መለየት ነው። በመጀመሪያ ከባንክ ወይም ከክሬዲት ዩኒየን ብድሩ በስንት ወለድ እንደሚገኝ በጽሑፍ መያዝ፤ ቀጥሎ ስለ መኪናው ጠቅላላ ዋጋ መስማማት፤ ከዚያ በኋላ ነጋዴው የተሻለ ወለድ ካለው ይምጣ ማለት ነው።

ነጋዴን ሁሉ ሌባ ማለቴ እንዳይደለ ግን አንባቢ ይወቅልኝ። ዋጋውን ገልጦ የሚጽፍ፤ የተሸጠውን በዚያው ቀን ከዝርዝሩ የሚያነሣ፤ የጠፋውን መኪና ከሌላ ነጋዴ ለውጦ የሚያመጣ ቅን ነጋዴ ብዙ አለ። ያ ቅን ነጋዴ የሚጠቀመው ገዢው ሲያውቅ ነው፤ ገዢው ካላወቀ ግን እርሱና አታላዩ አንድ ዓይነት መስለው ይታያሉ። ስለዚህ ደብዳቤ ጽፎ ዋጋ መጠየቅ ስድብ አይደለም፤ መልስ የሰጠውንም ነጋዴ አመስግኖ ሌላ ዘንድ መሄድ ክህደት አይደለም።

በውጭ አገር ያላችሁ ልጆች ደግሞ አንድ አደራ አለባችሁ። ወላጆቻችሁ ለእናንተ ሲሉ በማያውቁት ቋንቋ ብዙ ወረቀት ፈርመዋል። የሚቀጥለውን ከመፈረማቸው በፊት አንድ ምሽት አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ዝርዝሩን ክፈቱላቸው፤ ደቃቁንም ጽሑፍ በአማርኛ እየመለሳችሁ አንብቡላቸው።